ሸክምን ማቅለልና ሸክምን መስረቅ

የሰው ልጅ ድርጊቱን ይወዳል፤ የድርጊቱን ምላሽ ግን ይሸሻል። ተናግሮ መደመጥን ይሻል፤ ስለተናገረው መጠየቅን አይሻም። ይህ ጠባይ ከሰው ልጅ ጋር የኖረ በመሆኑ የሥነ ምግባር ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። በዚህ ጽሑፍ ግን ጥያቄውን ከሊቃውንቱ አዳራሽ አውጥተን ወደ አንድ ያልተለመደ ሥፍራ፣ ወደ ሽጉጥ ተኩስ ውድድር ሜዳ እንወስደዋለን። በዚያ ሜዳ ላይ ምላሽ የሚባለው ነገር ረቂቅ ሐሳብ ሳይሆን በመዳፍ የሚዳሰስ፣ በሚዛን የሚለካ ተጨባጭ ኃይል ነውና። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ የድርጊታችንን ምላሽ ማቅለል መብታችን የሚሆነው እስከ የት ድረስ ነው? ከየትኛው ነጥብ ጀምሮስ ማጭበርበር ይሆናል?

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ለማንኛውም ድርጊት እኩልና ተቃራኒ ምላሽ እንዳለው ደንግጓል። ተኳሽ ይህን ሕግ በመዳፉ ያውቀዋል። 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰኮንድ 300 ሜትር ፍጥነት ወደ ፊት ሲወረወር፣ 1 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሽጉጥ በሰኮንድ 2.4 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከአረሩ ጋር የሚወጣው የባሩድ ጋዝም የራሱን ግፊት ይጨምርበታል። መሣሪያው ይራገጣል የምንለው ይህንኑ ነው። ጥይቱ የሚያልፍበት ቧንቧ ከመዳፉ በላይ ስለተቀመጠም፣ ግፊቱ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን አፈሙዙን ወደ ላይ ያዘልለዋል።

ብዙ ጀማሪዎች ዒላማ የሚያስተው ይህ ርግጫ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አረሩ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ቧንቧ አቋርጦ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከሰኮንድ አንድ ሺሕኛ አይበልጥም። አረሩ ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ የተጓዘው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዒላማውን የሚያስተው እንግዲህ የመጣው ምት ሳይሆን ገና ያልመጣው ነው። ተኳሹ ቃታውን ሊስብ ሲል ምቱን አስቀድሞ ይፈራና ይደነብራል፤ አንጓው ይጠብቃል፤ አፈሙዙ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ድርጊቱ ተበላሽቷል።

አሠልጣኞች ይህን ድብቅ ፍርሃት የሚያጋልጡበት ቀላል ዘዴ አላቸው። ባሩድ የሌለበትን ጥይት ከደኅነኞቹ ጋር ቀላቅለው በካዝናው ውስጥ ይጨምሩታል። ተኳሹ የትኛው የት እንዳለ አያውቅም። ቃታው ተስቦ ፍንዳታው ሲቀር፣ ምንም ያልመታው እጅ በገሃድ ይንቀጠቀጣል። በጩኸትና በጭስ ተሸፍኖ የኖረው ፍርሃት በጸጥታው ውስጥ እርቃኑን ይቆማል። ተኳሹ ምቱን አላምጦ እስኪለምደው ድረስ መድኃኒቱ ልምምድ ነው፦ እጀታውን ከፍ አድርጎና አጽንቶ መያዝ፣ ሁለቱንም እጆች ማስተባበር፣ ቃታውን ቀስ ብሎ ያለ ግንፈላ መሳብ። ይህ የመጀመሪያው የማቅለያ መንገድ ነው፤ ምቱ ሳይቀነስ ተቀባዩ ይጠነክራል።

ሁለተኛው መንገድ ከሜዳው ይልቅ በጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ነው። በርካታ ተወዳዳሪዎች ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበው ያጸዳሉ፤ በቅርጽ ማውጫ ጨምቀው ወደ ልኩ ይመልሱታል፤ ያገለገለውን መለኮሻ አውጥተው በአዲስ ይተኩታል፤ ባሩዱን መዝነው ይጨምራሉ፤ በመጨረሻም አረሩን በአፉ ላይ ያስቀምጣሉ። የባሩዱ መለኪያ ግሬይን ይባላል፤ አንዱ ግሬይን 65 ሚሊ ግራም ያህላል። ለአንድ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት 4 ግሬይን ገደማ፣ ማለትም ሩብ ግራም የሚያህል ባሩድ ሊበቃ ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ርግጫው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ የሚመታውን ምት ራሱ መዝኖ አዘጋጅቶታልና። ፋብሪካውን የሚወቅስበት ምክንያት የለውም።

ፈተናውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባሩዱን ጥቂት ቢቀንሰው ማን ያየዋል? ሽጉጡ ይለዝባል፤ አፈሙዙ ፈጥኖ ወደ ዒላማው ይመለሳል፤ ተወዳዳሪው ከጓደኞቹ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር፣ በኮሎምቢያ ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ይህን ፈተና አስቀድሞ ተመልክቶታል። መፈክሩ ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ትርጉማቸውም ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት ነው። ኃይልም እንደ ሌሎቹ ይቆጠር ዘንድ ወለል ተበጅቶለታል። የአረሩ ክብደት በግሬይን፣ ፍጥነቱም በሰኮንድ በጫማ ተለክቶ ሁለቱ ይባዛሉ፤ ውጤቱ ለ1000 ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ከ125 ማነስ የለበትም። ዳኞች ከተወዳዳሪው ጥይቶች ናሙና ወስደው፣ አንዱን ፈትተው አረሩን ይመዝናሉ፤ ሌሎቹን በራሱ ሽጉጥ በፍጥነት መለኪያ ፊት ይተኩሳሉ። ቁጥሩ ከወለሉ በታች የወረደበት ሰው መተኮሱን ሊቀጥል ይችላል፤ ነጥብ ግን አይያዝለትም።

እነሆ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናቁማቸው። አንደኛው 124 ግሬይን የሚመዝነውን አረር በ1010 ጫማ ፍጥነት በመተኮስ 125.2 የሚያገኝ ነበር፤ ምቱን ለማለዘብ ብሎ ባሩዱን ሸርፎ ፍጥነቱን ወደ 1000 ጫማ ያወርዳል። ቁጥሩ 124 ይሆናል። ሁለተኛው ጉዳዩን ያጠናል፤ 147 ግሬይን የሚመዝን ከባድ አረር መርጦ በ855 ጫማ ይተኩሰዋል። ቁጥሩ 125.7 ነው። አረሩ የሚሸከመው ኃይል ወለሉን አልፏል፤ ባሩዱ ስላነሰ ግን ከአፈሙዙ የሚተፋው ጋዝ ያንሳል፤ ምቱም ከጥፊ ይልቅ ግፊት ይመስላል። ሁለቱም ሸክማቸውን አቅልለዋል። ሁለተኛው ግን በዕውቀት ያቀለለው ሸክም ከዒላማው ዘንድ ሙሉ ሆኖ ደርሷል። የመጀመሪያው ያቀለለው ከዒላማው ድርሻ ሰርቆ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመዳፍ ላይ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በሚዛን ፊት ነው።

ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ ሆኖ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ የሶቪየት ተኳሾች «ሬኮርድ» የተባለ ሽጉጥ ይዘው ቀርበው ነበር። መሣሪያው እንደ ተገለበጠ ሆኖ የተሠራ ስለነበር ቧንቧው ዝቅ ብሎ ከእጁ ጋር ይስተካከላል፤ ምቱም አፈሙዙን ሳያዘልል በቀጥታ ወደ ክንድ ይሄዳል። በዘመኑ ደንብ አልተከለከለም፤ በስውርም አልተሠራም። በኋላ ግን ደንቡ ተሻሽሎ በመግቢያው በር ላይ ቆመ፤ ዛሬ የቧንቧው መስመር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ካለው ሥጋ በላይ ማለፍ አለበት። በፈጣን ተኩስ ውድድርም ለብዙ ዘመን ያገለገለው ምቱ እጅግ የለዘበ አጭር ጥይት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተሽሮ በረጅሙ ተተክቷል። የሶቪየቶቹን የብልኀት ሥራ ስርቆት ብለን ልንኮንነው አንችልም፤ በአደባባይ ሠርተውታልና። ሕግ አውጪውም ምላሹ ጨርሶ ሲጠፋ ጨዋታው ትርጉሙን እንደሚያጣ ስላየ መልሶ ማሰሩ ተገቢ ነበር።

ይህን ስንል ግን ኃይልን ማምለካችን አይደለም። ታላቅ ጥይት እተኩሳለሁ ብሎ የሚፎክር ሰው ከሰራቂው ባልተናነሰ ተሳስቷል። በዚሁ ውድድር 160 ወይም 170 የሚደርሰው ከፍተኛ የኃይል መደብ የሚጠቅመው ከመሐል የራቁትን ምቶች ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ክልል 3 የነበረው 4፣ በሦስተኛው 1 የነበረው 2 ይሆናል። መሐሉን የመታ ግን ጥይቱ ቢበረታም ቢለዝብም 5 ነጥብ ነው። ደንቡ እንዲህ ይለናል፦ ኃይል ግዴታ ነው፤ በጎነቱ ግን በዒላማው ላይ ይፈረዳል።

ከሜዳው ወጥተን ወደየሥራችን ስንመለስ ይኸው ሚዛን ይከተለናል። መምህር ከባዱን ትምህርት በምሳሌ አፍታቶ ሲያስተምር የተማሪውን ሸክም በዕውቀት ያቀልላል፤ ትምህርቱን ዘልሎ ውጤት ሲያድል ግን ከተማሪው ይሰርቃል። ካድሬ የሚመራውን ሕዝብ ችግር በሪፖርቱ ውስጥ በሥርዓትና በማስረጃ አደራጅቶ ሲያቀርብ ሰሚው እንዲቀበለው ያደርጋል፤ ግምገማውን ፈርቶ ችግሩን ሲሸራርፍ ባሩዱን ቀንሶታል። ደራሲም እንዲሁ ነው። ቋንቋችን የጠብመንጃን ጫፍ አፈሙዝ ብሎ ሲሰይም ከሰው አፍ ጋር ማዛመዱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃልም እንደ አረር አይመለስም፤ ምላሹ ግን ይመለሳል። ጸሐፊ ሐሳቡን በሰምና በወርቅ ቢያለዝበው ጥበብ ነው፤ ወርቁ ሙሉ ክብደቱን ይዞ እስከ ደረሰ ድረስ። ሰሙን ብቻ አብስሎ ወርቁን በቤቱ ያስቀረ ግን ማንም ስላልቆጣው በጥበቡ ሊመካ አይገባውም።

ጥይት የሚሞሉ ሰዎች እጅግ የሚጠነቀቁለት አንድ አደጋ አለ። ባሩድ ሁለት ጊዜ የተጨመረበት ቀለህ መሣሪያውን ሊያፈነዳው እንደሚችል ማንም ይገምታል። ባሩድ የተረሳበት ቀለህ ግን ምንም የማያደርግ ይመስላል። እርሱም ይገድላል። መለኮሻው ብቻውን አረሩን ገፍቶ በቧንቧው መካከል ይወትፈዋል፤ ድምፁ ይሰልላል፤ መዳፍ ምት አይሰማውም። ተኳሹ ይህን ሳያስተውል ቃታውን ዳግም ሲስብ፣ ደኅነኛው ጥይት ከተወተፈው ጋር ተጋጭቶ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ብልኁ ሰው አረሩን ከማስቀመጡ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን አጎንብሶ ያያል። ምላሽ ያልሰማ እንደሆነም መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ያራግፋል፤ ቧንቧውን ይመረምራል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ ሁለተኛ አይተኩስም።