ግፊቱን ማን ይቀበለው?

ጠመንጃ በሁለት አቅጣጫ ይመታል። ጥይቱ ወደፊት ይሄዳል፤ ጠመንጃው ደግሞ ወደ ኋላ መጥቶ የተኳሹን ትከሻ ይገፋል። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለ ያለው ይሄንንም ይጨምራል። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተኮሰ ሰው በትከሻው ያውቀዋል፤ ያልተኮስነው ደግሞ ቢያንስ ፊልም ላይ አይተነዋል፦ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ ብድግ ይላል።

ለምን ብድግ ይላል? በርሜሉ ያለው ሰደፉ ትከሻ ላይ ከሚያርፍበት ቦታ ከፍ ብሎ ስለሆነ ነው። ከላይ የመጣ ግፊት ከታች ባለ ድጋፍ ሲያዝ መሳሪያው ወደ ኋላ ብቻ አይሄድም፤ ይዞራል፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ተኳሹ ሁለተኛውን ጥይት ከመተኮሱ በፊት መሳሪያውን እንደገና ማውረድ፣ እንደገና ማነጣጠር አለበት። ትንሽ ጊዜ ነው። ግን ጊዜ ነው።

ይህችን ጊዜ ለማሳጠር ተብላ የምትሰራ ቁራጭ ብረት አለች። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ትገጠማለች። ጥይቱን ተከትሎ የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ ወደ ላይ ትልከዋለች፤ ጋዙም በምላሹ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። ስሟ ኮምፔንሴተር ነው፣ “አካካሽ” እንደማለት። ጋዙን ወደ ጎን የሚልክ ዘመድ አላት፤ እሱ ደግሞ መዝል ብሬክ ይባላል፤ የአፈሙዝ ፍሬን በሉት። በራሳቸው ማንንም አይመቱም። ጠረጴዛ ላይ ብታገኟቸው የቧንቧ መገጣጠሚያ ናቸው ብላችሁ ልታልፉ ትችላላችሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ይህችን ቁራጭ ብረት ዲዛይን የሚያደርግ ሰው ምን እየሰራ ነው? የብረት ስራ ነው ወይስ የመግደል ስራ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ዲዛይነር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የፓምፕና የብስክሌት ዕቃ ሲስል ይውላል። በቀደም የኮምፔንሴተር ትዕዛዝ መጣ። ገዢው ለስፖርት ተኳሾች ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሁሉም ነገር ህጋዊ ነው፤ ክፍያውም ጥሩ፣ ትርፍ ሰዓትም አለው። ደወለልኝና “አንተ ብትሆን ትሰራዋለህ?” አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን ከጥያቄው በላይ ያዘኝ። እናቱ በስልክ “ሰሞኑን ምን እየሰራህ ነው ልጄ?” ብለውት “የማሽን ዕቃ ነው እማዬ” ብሎ አልፏል። እሳቸውም “ተመስገን፣ እጅህን ይባርከው” አሉት። “ያቺ ‘እጅህን’ የምትል ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ” አለኝ።

“የማሽን ዕቃ” ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1920ዎቹ ሪቻርድ ከትስ የተባለ የአሜሪካ ማሪን መኮንን የሰራው ኮምፔንሴተር ቶምሰን በሚባለው አጭር አውቶማቲክ መሳሪያ አፍ ላይ ይገጠም ነበር። እኛ “ክላሽ” እያልን በአንድ ስም ከምንጠራቸው ውስጥ ደግሞ በ1959 አገልግሎት ላይ የዋለው ኤኬኤም አለ። ጫፉ ላይ እንደ መቃ ብዕር በሰያፍ የተቆረጠች ነገር አለችው። ጌጥ አይደለችም። መሳሪያው በቀኝ እጅ ለሚተኩስ ሰው ወደ ላይና ወደ ቀኝ ስለሚሸሽ፣ ወደ ታችና ወደ ግራ እንድትመልሰው ነው እንደዚያ የተቆረጠችው። ብዙዎቻችን በዘበኛ ትከሻ ላይ፣ ኬላ ላይ፣ ዜና ላይ ስንቴ አይተናታል። ለምን እንደዚያ እንደተቆረጠች ግን ማን ጠየቀ? አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ አስቦባታል። ወረቀት ላይ ስሏታል፣ ሞክሯታል፣ አስተካክሏታል። ሲሳካለትም ደስ ብሎት ይሆናል፤ ኢንጂነር ነዋ።

ለስራው የሚቀርበውን መከራከሪያ አቅልለን እንዳናየው። ኮምፔንሴተር የተገጠመለት ሽጉጥ ይዘው በሰዓት የሚወዳደሩ ስፖርተኞች አሉ። በ1976 አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ላይ የተመሰረተው ዓለም አቀፉ የፕራክቲካል ተኩስ ኮንፌዴሬሽን እንዲህ ያለ ዕቃ የሚፈቀድበት የውድድር ምድብ አለው። የሚመቱት ወረቀትና ብረት ነው። ከዚያ በላይም መከራከሪያ አለ፦ አፈሙዙ የማይዘል መሳሪያ ጥይቱ ወዳልታሰበበት አይሄድም። ዒላማውን የሳተ ጥይት አየር ላይ አይቀርም፤ የሆነ ግድግዳ፣ የሆነ መስኮት፣ የሆነ ሰው ጋ ይደርሳል። ታዲያ ትክክለኛነትን ማሻሻል ንጹሐንን ማዳን አይደለም?

ይሄ ከባድ መከራከሪያ ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን። ትክክለኛነት ጥሩ የሚሆነው ዒላማው ጥሩ ሲሆን ነው። ቁራጯ ብረት ከፊት ለፊቷ ያለው ወረቀት ይሁን ልጅ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚቀጥለው ጥይት ቶሎና በቀላሉ እንዲከተል ማድረግ። ስለዚህ “መሳሪያ ገለልተኛ ነው፣ ተጠቃሚው ነው የሚወስነው” የሚለው አባባል ልክ አይመስለኝም። መሳሪያ የሆነን ነገር ቀላል ለማድረግ ነው የሚሰራው። ሰሪው ያንን ነገር መርጧል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ “እኔ የሰራሁት እኮ አንድ ክፍል ብቻ ነው።” በርሜሉን ሌላ ሰው ሰራ፣ ጥይቱን ሌላ፣ ሻጩ ሌላ፣ ተኳሹ ሌላ። እኛ ጋ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። ለደቦ፣ ለዕቁብ፣ ለሰርግ መዋጮ የተባለ ቆንጆ አባባል ነው። ግን ጥፋትንም እንደ ሎሚው አካፍለን የምንይዝበት ጊዜ አለ። ሃምሳ ሰው ይካፈለውና ለእያንዳንዱ የማይከብድ፣ እንዲያውም የሚሸት ጌጥ ይሆናል። ችግሩ ጥፋት እንደ ሎሚ አለመሆኑ ነው። ሃምሳ ሰው አንድን ሰው ቢገድል፣ እያንዳንዱ የሟችን አንድ ሃምሳኛ አልገደለም። ሟቹ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ሰው ነው።

በቅርብ የሆነ ምሳሌ ልጥቀስ። ባምፕ ስቶክ የሚባል የሰደፍ ዕቃ አለ፤ የጠመንጃውን ግፊት ተጠቅሞ ጥይቱ በፍጥነት እንዲደጋገም ያደርጋል። በ2010 የአሜሪካ የጦር መሳሪያ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት መሳሪያ ሳይሆን የመሳሪያ ክፍል ነው፣ ቁጥጥር አያስፈልገውም ብሎ በደብዳቤ መለሰ። በዚያው ደብዳቤ ላይ እንደሰፈረው፣ አምራቹ ዕቃው የታሰበው እጃቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች ነው ብሎ ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት የሙዚቃ ድግስ ላይ ወደነበረ ህዝብ ከ1,000 በላይ ጥይት ተኮሰ። ብዙዎቹ ጠመንጃዎቹ ይሄ ዕቃ ተገጥሞላቸው ነበር። 58 ሰው በጊዜው ሞተ፤ በኋላ ቁጥሩ 60 ደረሰ። በ2019 ዕቃው ታገደ፤ በ2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ እገዳውን አነሳው። ህጉ ሄዶ ተመለሰ። ስለዚህ “ህጋዊ ነው” የሚለው መልስ የእናትየውን “እጅህን ይባርከው” አይሸከምም። ህግ ማን እንደሚከሰስ እንጂ ማን እንቅልፍ እንደሚያጣ አይወስንም።

እንቅልፍ ስል ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ትዝ ይለኛል። በህይወት ዘመኑ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነበር፦ የሰራሁት አገሬን ለመከላከል ነው፣ ጥፋቱ የፖለቲከኞች ነው። በዲሴምበር 2013 በ94 ዓመቱ ሞተ። በቀጣዩ ወር ኢዝቬስትያ የተባለው ጋዜጣ በመጨረሻ ዘመኑ ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የጻፈውን ደብዳቤ አወጣ። መንፈሱ እንደማይችለው ሆኖ መታመሙን ይናገራል። ጠመንጃዬ የሰው ህይወት ካጠፋ እኔ አማኙ ሰውዬ፣ የሞቱት ጠላት እንኳ ቢሆኑ፣ በሞታቸው ተጠያቂ ነኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የቤተክርስቲያኒቱ ቃል አቀባይ፣ መሳሪያው አገርን ለመከላከል ሲውል ቤተክርስቲያን ሰሪውንም ወታደሩንም ትደግፋለች ብሎ መለሰ።

እኔን የሚገርመኝ መልሱ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ይሄ ሰውዬ መልሱን ለአስርት ዓመታት ራሱ ሲናገረው ኖሯል። ይዞት ለመሞት ግን አልበቃውም።

እዚህ ላይ ወደ ፊዚክሱ ልመለስ፤ ፊዚክሱ ከፍልስፍናው ይልቅ ግልጽ ነውና። ኮምፔንሴተርም ሆነ ብሬክ ግፊትን አያጠፉም። ግፊት አይጠፋም፤ ጋዙ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይላካል እንጂ። ብሬክ የተገጠመለት ጠመንጃ አጠገብ የቆመ ሰው ይሄን በጆሮው ያውቀዋል፦ ለተኳሹ ትከሻ የቀለለው ነገር ጎን ለቆመው ሰው ፍንዳታና ነፋስ ሆኖ ይደርሰዋል። የተኩስ ድምፁ ለሁሉም ይብሳል፤ ጎን ላለው ግን በጣም ይብሳል። ማለትም አካካሹ ያካክሳል፤ ዋጋውን ግን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ።

እኔ የዚህ ዓይነት ስራ ሁሉ የሞራል ጥያቄ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። “ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?” ከማለት በፊት “ሸክሙን ከማን አንስቼ ለማን እያሸከምኩ ነው? ያ ሰውስ ተጠይቋል ወይ?” ማለት። የውድድር ሜዳ ላይ ጎን የቆመው ሰው ራሱም ተወዳዳሪ ነው፤ የጆሮ መከላከያ አድርጓል፣ ፈቅዶ ነው የመጣው። ሌላ ቦታ ጎን ያለው ሰው አልተጠየቀም። ፊት ለፊት ያለውማ ጭራሽ።

“እምቢ ብልስ ምን ዋጋ አለው? ሌላው ይሰራዋል” ትሉ ይሆናል። እምቢ ማለት ጭንቅ የሆነበት ጊዜም ነበር። በ1860ዎቹ ጋፋት ላይ፣ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን በአፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሰሩ ታዘዙ። አናውቅም ቢሉም ንጉሡ የሚለቁ አልነበሩም፤ በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሰራ። ከሰሪዎቹ አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ሊባኖስ ሄደ፤ ጦርነትን ከሚቃወሙት ኩዌከሮች ጋር ተቀላቀለ፣ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ህሙማን ሆስፒታል መሰረተ። ሆስፒታሉ መድፉን ያካክሳል እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ሂሳብ የለም። የምለው፣ ከንጉሥ ፊት የቆመ ሰውና ከአለቃው ኢሜይል ፊት የተቀመጠ ሰው አንድ ዓይነት ምክንያት የላቸውም። አብዛኞቻችን ያለነው ሁለተኛው ጋ ነው። እምቢ ብንል የምናጣው አንገታችንን ሳይሆን ትርፍ ሰዓታችንን ነው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ አለቃውን ሌላ ስራ እንዲሰጠው ጠየቀ። ተሰጠው፤ ትርፍ ሰዓቱም ቀረበት። ኮምፔንሴተሩን አንድ ባልደረባው ሰራው። ባልደረባው ራሱ በውድድር የሚተኩስ ሰው ነው፤ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ዕቃው የት እንደሚሄድ ጠይቆ፣ በዓይኑ እያየ፣ ስሙን ጠርቶ ነው የሰራው። እውነቱን ለመናገር ይሄኛውንም ሰው አከብረዋለሁ። እሱ ቢያንስ “የማሽን ዕቃ ነው” አላለም።

ታዲያ ዕቃው ከተሰራ የጓደኛዬ እምቢታ ምን ለወጠ? ዓለም ላይ ምንም። ግን “ሌላው ይሰራዋል” የሚለው ነገር ስለ ዓለም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ እጄ ግን ምንም አይነግረኝም። ሌላው ሰው ስለሚዋሽ እኔ ብዋሽ ውሸቱ የእሱ አይሆንም። ጓደኛዬ ያደረገው ትንሽ ነገር ነው፦ ዋጋውን ወደ ማያውቀው ሰው ከመላክ በገዛ ትከሻው ተቀበለው።

ይሄን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ጠመንጃ ነክታችሁ አታውቁም፣ ወደፊትም አትነኩም። ግን ስንቶቻችን ነን ክፍል የምንሰራው? ሰውን በፊቱ የሚለይ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት መስመር ኮድ የሚጽፍ፣ ለድሮን ካሜራ ፎቶ ላይ ሳጥን እየሳለ በሰዓት የሚከፈለው፣ ሰው ስክሪኑ ላይ ተጣብቆ እንዲውል የምታደርግ አንዲት ቁልፍ የሚያሳምር። ሁላችንም ቤት ስንደውል “የኮምፒውተር ስራ ነው” እንላለን።

ሁሉም ስራ ይቅር አልልም። እኔም ደመወዝ እፈልጋለሁ። የምጠይቀው ስሙን እንድንጠራው ነው፤ ምን እንደሚያቀል፣ ለማን እንደሚያቀል፣ ጎን ማን እንደቆመ። ለእናታችን በሚገባት አማርኛ ተናግረነው፣ እሷም ከሰማችው በኋላ “እጅህን ይባርከው”፣ “እጅሽን ይባርከው” ካለች ጥሩ። ዝም ካለች ደግሞ ያ ዝምታ ትከሻችን ላይ ይረፍ። ህሊና የምንለው ነገር ይሄው ግፊት ይመስለኛል፦ የሰራነው ነገር ወደ እኛ ተመልሶ ሲመጣ የሚሰማን። ያማል። ግን እንዳይሰማን አድርገን ካስተካከልነው፣ የሚቀጥለውን ለመስራት የሚያዘገየን ነገር አይኖርም።