ከርዳታ የተረፈ ገንዘብ የማን ነው?

ለትምህርት ከተሰጠ ርዳታ ገንዘብ ቢተርፍ፥ ተማሪው እንደ ወደደ ሊያደርገው ይገባዋልን? በጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ እየተመላለሰ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ በአሳባችን እናቁም። ይህ ልጅ ከእናቱ ቤት እየተመገበ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል፤ ገንዘቡም ይተርፈዋል።

ነገር ግን ጠልቀን ብንመረምረው ትርፉ የተገኘው ከእናቲቱ መሶብ ነው። ደግሞም በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዐት መሠረት፥ የምግቡ ወጪ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ነው። እንግዲህ ትርፍ የመሰለን ነገር የእናት ድካምና የነገ ዕዳ ሆኖ ተገኘ።

የቆሎ ተማሪ ለምኖ ያገኘው ቁራሽ ከዕለት ጉርሱ ቢተርፍ፥ ወጥቶ መለመን ላልቻለው ሕመምተኛ ጓደኛው ያካፍለዋል፤ የቀረውንም ድርቆሽ አድርጎ ያኖረዋል። ምጽዋቱ የተሰጠው ስለ ትምህርቱ መሆኑን አይዘነጋምና።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢያን ሆይ፥ የተረፈው ገንዘብ አስቀድሞ የእናትን መሶብ ይተካ፤ ቀጥሎ መጽሐፍና ደብተር ይግዛ፤ ከዚያም የተቸገረውን ባልንጀራ ይርዳ። በመጠጥ ቤት የሚያባክነው ግን የመንግሥትን ገንዘብ ያጠፋ ቢመስለውም፥ ያጠፋው የእናቱን እንጀራና የራሱን የነገ ደመወዝ ነው።