እጃችሁም ይማር

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላላችሁት ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ፊዚክስ በማስተማር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሰፈር ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ በሬን አልዘጋም። አብሬያቸው ስቀመጥ የማየው ነገር ያሳስበኛል። ብዙዎቻችሁ ሰነፎች አይደላችሁም፤ ትለፋላችሁ፣ ታመሻላችሁ፣ ትጨነቃላችሁ። የምትለፉበት መንገድ ግን ልፋታችሁን ይበላዋል። ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። እንደዚያም ሆኖ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ግማሹን ሳያመጣ ይመለሳል። ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ትከሻ ላይ የሚጭን ሰው ካለ አትስሙት። አንድ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት የተካፈለ፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ተቆልፎ የኖረበት፣ በጦርነትና በመፈናቀል ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪ ብዙ ነው። ለዚህ የምንጠየቀው እኛ አዋቂዎቹ ነን። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ግን እናንተ ራሳችሁ፣ ዛሬውኑ ማድረግ ስለምትችሉት ነው።

ከሽምደዳ ልጀምር። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ አንዲት ቃል ሳይስት በቃሉ የሚወጣ ተማሪ አለ። “ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ባዶውን ከሚሄደው ይልቅ ለመነሳት ለምን ይዘገያል?” ብዬ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። ሕጉ ምላሱ ላይ አለ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘው ግን አያውቀውም። ፈታኙ ጥያቄውን ትንሽ ካጣመመበት ያ ሁሉ ሌሊት ከንቱ ይሆናል።

በቃል መያዝን እየነቀፍኩ አይደለም። አባቶቻችን በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊትን በቃላቸው ይዘዋል። ነገር ግን እዚያ አልቆሙም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ብቻውን ወደ ጫካ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ የራሱን፣ ማንም ያላለውን ያዘጋጃል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ይሞክራል። የሌላ ሰው ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ብቻ ማንም ባለቅኔ አይባልም። ከዚያ ትምህርት ወርሳችሁ ልትቀጥሉት የሚገባው ይህ ነው፤ ይዞ መሥራት፣ ሠርቶ መታረም።

“ቤተ ሙከራ በሌለበት ምን እንሥራ?” ትሉኛላችሁ። አንድ ላሳያችሁ። ክር ፈልጉና ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ እሰሩ። ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ መሃል ልክ 1 ሜትር እንዲሆን ለክታችሁ ከሚስማር ላይ ስቀሉት። ትንሽ ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ አትግፉት። ሄዶ ሲመለስ “አንድ” በሉ። 20 ጊዜ እስኪመላለስ በስልክ ሰዓት ያዙ። 40 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ አንዱ ምልልስ 2 ሰከንድ ነው ማለት ነው። አሁን ድንጋዩን በከበደ ድንጋይ ለውጡት፤ ርዝመቱን ግን እንደገና ለክታችሁ እዚያው 1 ሜትር ላይ አቆዩት። ከመልቀቃችሁ በፊት ምን እንደሚሆን ገምታችሁ ጻፉ። አብዛኛው ተማሪ “ይፈጥናል” ይላል። አይፈጥንም፤ ያው 40 ሰከንድ ነው። ቀጥሎ ክሩን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር አሳጥሩት። አሁን አንዱ ምልልስ 1 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ጊዜው ወደ ግማሽ ብቻ ወረደ። በመጽሐፋችሁ የፔንዱለም ቀመር ውስጥ ያ ካሬ ሥር ለምን እንደተቀመጠ በዓይናችሁ አያችሁት። ከዚያ ቀመሩን ገልብጣችሁ የመሬትን ስበት አስሉ፤ ወደ 9.8 የተጠጋ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከክር፣ ከድንጋይና ከሚስማር! ይህን በገዛ እጁ ያገኘ ተማሪ ፈተና ላይ ቀመሩ ቢጠፋው እንኳ ክብደት እንደማይገባበትና ርዝመት እንደሚገባበት አይረሳውም።

ኬሚስትሪና ባዮሎጂም ከቤት አይጠፉም። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከእርሾው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በሁለት ብርጭቆ እኩል አድርጋችሁ ቅዱና ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። አንዱን ምድጃው አጠገብ ሙቀት ቦታ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። በየጥቂት ሰዓቱ አረፋውንና ከፍታውን መዝግቡ። እንጀራው ላይ የምታዩት ዓይን የትንንሽ ሕያዋን ሥራ ነው፤ ሊጡ ውስጥ የፈጠሩት ጋዝ ምጣዱ ላይ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ ነው። አብሲት ለምን እንደሚጣል እናታችሁን ጠይቁ፤ እሷ በልምድ የምታውቀውን እናንተ ከመጽሐፉ ጋር አገናኙት። ወንዶች ልጆችም ይህ እናንተንም ይመለከታል፤ ማድ ቤት የሁሉም ነው።

አስተውሎ ማየት የት እንደሚያደርስ ከአገራችን ሰዎች ተማሩ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያንን ወንዝ ብዙ ሰው ተሻግሮታል። እሳቸው ግን “ለምን?” ብለው ቆሙ። በሽታው ሰው ላይ የሚደርሰው በቀንድ አውጣው በኩል ነውና እንዶዱ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል በምርምር አሳዩ። ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ግኝቱ የተጀመረው ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታንም አስቡ። በምዕራብ ሸዋ ወለንኮሚ ተወልደው፣ ልጅ ሳሉ ለትምህርት ረጅም መንገድ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት በጅማ የግብርናና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ አለማያ ኮሌጅ ዘለቁ። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል አዲስ መጻሕፍት መካከል ግብርና አለ። “እሱ የገበሬ ነው” ብላችሁ አትለፉት። ትምህርት ቤታችሁ ጥግ ያለችውን ባዶ መሬት ለምኑና ቆፍሩባት፤ አንዱን መደብ በኮምፖስት፣ ሌላውን ያለ ኮምፖስት ዝሩና አወዳድሩ።

ስለ ጥናት ደግሞ ጥቂት ልበል። ደብተርን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ የገባን ያስመስለናል እንጂ መግባቱን አያሳይም። አንድ ጊዜ በደንብ አንብቡ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ። ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ነገ ድገሙት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገሙት፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። አእምሮ እየራቀው የሄደን ነገር ፈልጎ ሲያመጣው አጥብቆ ይይዘዋል። ዎርክሺት ስትሠሩም መልሱን ቀድማችሁ አትዩ። ተሳስታችሁ ከታረማችሁበት ጥያቄ የምትማሩት፣ ቀድታችሁ ከሞላችሁት መቶ ጥያቄ ይበልጣል። ለጓደኛ አስረዱ፤ ስታስረዱ የተደናቀፋችሁበት ቦታ ገና ያልገባችሁ ቦታ ነው። ክፍል ውስጥም እጃችሁን አውጡ። “መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” የሚለው ተረት የተነገረው ለእናንተ ነው።

አሁን ወደ ሰውነታችሁ ልምጣ፤ አንጎል ያለ ሰውነት አያጠናም። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በቀን የተማራችሁትን አንጎል የሚያደላድለው ስትተኙ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ማደር ያጠናችሁትን ራሱን ያሳጣችኋል። ለፈተና ብለው ጫት የሚጀምሩ ልጆች አይቻለሁ። “ያነቃል” ይሏችኋል። ያንን ሌሊት ታነቡ ይሆናል፤ እንቅልፋችሁና የምግብ ፍላጎታችሁ ግን ይጠፋሉ፣ በማግስቱ ልባችሁ ይደክማል፣ ከዚያም ያለ እሱ መቀመጥ ያቅታችኋል። በዚህ ነገር ማንንም አትስሙ፤ አትጀምሩት። ጠዋት ያለውን ነገር፣ ቂጣም ቢሆን በሻይ፣ ሳትቀምሱ አትውጡ። ኳስ ተጫወቱ፣ ገመድ ዝለሉ፣ በእግር ሂዱ። ስልኩን በጥናት ሰዓት ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ቲክቶክ የሚወስድባችሁ “አምስት ደቂቃ” ሁልጊዜ ከአምስት ይበልጣል።

ለሴቶች ልጆቼ የምለው አለኝ። የወር አበባ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ከትምህርት ገበታ ሊያስቀራችሁም አይገባም። ከሴት መምህራችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ትምህርት ቤቱ ንጹህ ውሃና የምትቀይሩበት ክፍል እንዲያዘጋጅ በክበባችሁ በኩል ጠይቁ። ወንድሞቻቸው የሆናችሁት ደግሞ ውሃ መቅዳቱንና ዕቃ ማጠቡን ተካፈሉ። እህታችሁ ማታ ለጥናት የምትቀመጥበት አንድ ሰዓት የሚገኘው ከዚያ ነው።

ስለ ልባችሁም ዝም አልልም። የፈተና ወር ሲቃረብ ደረታችሁ የሚጨንቃችሁ፣ እንቅልፍ የሚነሳችሁ፣ “ካላለፍኩ ቤተሰቤን አዋርዳለሁ” እያላችሁ የምታለቅሱ አላችሁ። ጥቂት መጨነቅ የሁሉም ነው። ሳምንታት አልፎ የማይለቃችሁ ከሆነ፣ ምግብ፣ እንቅልፍና ጨዋታ ካስጠላችሁ ግን ብቻችሁን አትሸከሙት። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። ለእናት፣ ለአክስት፣ ለምታምኑት መምህር ወይም ለንስሐ አባት፣ ለኢማም ንገሩ። ጤና ጣቢያም ሂዱ፤ የአእምሮ ሕመም እንደማንኛውም ሕመም ይታከማል። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ነገን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ለአንድ ትልቅ ሰው ተናገሩ። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከነገራችሁም ምስጢር ብላችሁ አትያዙት። ሕይወቱ ከምስጢሩ ይበልጣል።

ኩረጃን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው ቀድሞ በመውጣቱ ተሰረዘ፤ በሐቅ ሲለፉ የከረሙትም እንደገና ለመቀመጥ ተገደዱ። የሰረቀው ጥቂት፣ የተጎዳው ግን አገር ሙሉ ተማሪ ነበር። በቴሌግራም “መልሱ አለኝ” የሚላችሁ ሁሉ የእናንተን ፍርሃት እየሸጠ ነው። ገንዘባችሁንም ልባችሁንም አትስጡት። ከሌላው ወረቀት ቀድቶ ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብቻውን ነው፤ የሚቀዳበት ሰው አያገኝም።

ውጤቱ እንዳሰባችሁት ባይመጣስ? ያን ቀን አልቅሱ፤ ዕንባ ነውር አይደለም። በማግስቱ ግን ተነሱና ያሉትን በሮች ቁጠሩ። ለመግቢያው ጥቂት ለጎደላቸው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሬሜዲያል ትምህርት አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ሞተር የሚፈታ፣ ብረት የሚበይድ እጅ አገራችን ዛሬም ቸግሯታል። ደግሞ መፈተንም ይቻላል። እናንተ ወላጆችም ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ውጤት በወጣ ምሽት ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩ። መጀመሪያ ራት አቅርቡ፣ ነገሩን ነገ ተነጋገሩበት።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ሦስት አራት ሆናችሁ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂዱና የተቆለፈው ቤተ ሙከራ እንዲከፈት በጨዋ አንደበት ጠይቁ። “ዕቃው ተበላሽቷል” ካሏችሁ “እኛ እናጽዳው፣ ያለውን እንቁጠር፣ የጎደለውን እንመዝግብ” በሉ። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ በሳምንት አንድ ሙከራ የሚሠራ ክበብ አቋቁሙ፤ ለታናናሾቻችሁ ለ9ኛ ክፍሎች አሳዩ። እናንተ 12ኛን ጨርሳችሁ ስትወጡ ክበቡ በእነሱ እጅ ይቀጥላል። ፈጣሪ ልፋታችሁን ይባርክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ በርቱ።