ማመልከቻና ፉከራ

ሰው ስለ ራሱ መልካም መልካሙን ሲጽፍ እውነት እየተናገረ ነው ወይስ እየዋሸ? ጥያቄው የፈላስፎች ይምሰል እንጂ ወደ እኛ የመጣው በአንድ መምህር ክላሰር ውስጥ ነው።

ጋሼ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምረዋል። አሁን አንድ ድርጅት ለሥልጠና ክፍሉ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምተው ሥራ ሊቀይሩ ቆርጠዋል። «እስቲ እናንተ ልጆች እዩልኝ» ብለው ሲቪያቸውንና ማመልከቻቸውን ሰጡን። ማመልከቻው «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል፤ ቀጥሎ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብሎ ያንኑ ይደግመዋል፤ ከዚያ «ከታላቅ አክብሮት ጋር»። ሲቪው ላይ ደግሞ ስምንቱ ዓመት በአንድ ቃል አልቋል፦ «መምህር»።

«ጋሼ፣ ሌላ የሠሩት የለም?»

«ምን አለ ሌላ? ማስተማር ነው እንጂ።»

ቁጭ ብለን ስንጠይቃቸው ግን ብዙ ወጣ። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ይዘዋል። አዲስ መምህር ሲመጣ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል ሦስት ዓመት ሠርተዋል (ሁለት መምህር አንድ ክፍል ውስጥ ሲገጣጠሙ የሚሰደበው ድልድል ሠሪው ነው፤ የሞከረ ያውቀዋል)። አዲሱ ሥራ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ታዲያ ይህን አለመጻፍ ትሕትና ነው? እኛ አይመስለንም። ትሕትና የሚያምረው በሚያውቁን ሰዎች መካከል ነው፤ የማያውቀን ሰው ግን ዝም ስንለው ምንም የለንም ብሎ ቢያልፈን አይፈረድበትም።

በርግጥ ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን አድገናል። ይሁንና ፉከራም የኛው ነው። ፎካሪው በጌታው ፊት ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» እያለ ጀብዱውን ሲቆጥር ማንም ነውረኛ አይለውም። ለምን ቢሉ፣ አብረውት የዘመቱት እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታላ! ሲቪም ፉከራ ነው፤ ችግሩ የሚፎከረው አብሮ ባልዘመተ ሰው ፊት መሆኑ ነው። ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ማስረጃ አለ ይባል ይሆናል፤ እሱ ግን መደቡን፣ ዘመኑንና ደመወዙን ቢመሰክር እንጂ ድልድሉን ማን እንደሠራ አይናገርም።

እንዲህ ያለ ወረቀት ጥንትም ነበር። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1480ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ ዕድሜው 30 አካባቢ ሳለ፣ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ሠዓሊው ሰውዬ ተንቀሳቃሽ ድልድይ እሠራለሁ፣ መድፍ እሠራለሁ እያለ ዘርዝሮ ዘርዝሮ፣ ሥዕሉን ያነሣው ወደ መጨረሻው ነው። ጉረኛ እንበለው? መዝጊያው ላይ ግን የማይቻል የሚመስል ካለ ገዥው በፈለጉት ቦታ ሠርቼ ላሳይ ይላል። ምስክር ባይኖረው ፈተና ጠራ። ደግሞም ያለው «እችላለሁ» ነው። «እችላለሁ» ተስፋ ነው፤ ነገ ይፈተናል። «ሠርቻለሁ» ግን ምስክርነት ነው።

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ምክትል ርእሰ መምህሩ ታመው ሳለ ሁለት ወር ተክተዋቸው ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ምክትል ርእሰ መምህር» ብሎ ጻፈው። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እውነተኛው ብቻውን ይውደቅ?» አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለንም። ነገር ግን በዚያች ቃል የሚታለለው ድርጅቱ ብቻ አይደለም። «መምህር» ብሎ ብቻ ጽፎ በዚያው ሰልፍ የቆመ ሌላ ጋሼ ይኖራል፤ የምንወስደው የሱንም ቦታ ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ሲሰሙን ቆዩና እስክሪብቶ አወጡ። «ምክትል» የሚለውን ሰርዘው «ተወካይ፣ 2 ወር» ብለው ጻፉበት።

«የተማሪዎቼን ቁጥር ግን እንዳትነኩብኝ» አሉን።

ማመልከቻው ሰኞ ገባ።