አፈሩን ማን ይሸከመው?

በጃፓን ፉኩሺማ፣ ባሕሩ ዳር ባለው የዳይቺ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ዙሪያ 14 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አፈር ተከማችቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው ማመንጫውን መትተው ጨረር አመንጪ ብክለት ካፈተለከ በኋላ፣ ከየእርሻው፣ ከየትምህርት ቤቱና ከየጓሮው ተገፎ የመጣ ነው። ሙያዬ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ነው፤ በዚህ ሙያ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ብክለት ከመሬት ስለወጣ ብቻ አይጠፋም፣ ቦታ ይለውጣል። ስለዚህ «ምድሪቱ ነጽታለች ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ፣ መልሼ የምጠይቀው የተነሣውን ማን ተሸከመው ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ያስተማረኝም ቤተ ክርስቲያን እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።

አያቴ ደጋግማ የምትነግረን ታሪክ ነበር። አንድ ሰው ወንድሙ ሲሞትበት የሙት ልጆቹን ድንበር ገፋ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከና ኃጢአቱን ተናዘዘ። አባ ዝም ብለው ሰሙትና፣ «ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሰህ ና» አሉት። ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ጸሎቱን ሁሉ ከዚያ በኋላ አደረጉት። ልጅ ሳለሁ አባ የጨከኑ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለ ንስሐ ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይላል፤ ድንጋዩን የሚመልሰው ግን የገፋው ሰው ራሱ ነው።

ችግሩ የፉኩሺማ ድንጋይ እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ አለመሆኑ ላይ ነው። ከማመንጫው የወጣው ጨረር አመንጪ ሴሲየም በዝናብና በበረዶ ወርዶ አፈር ሲነካ ሸክላው ይይዘዋል። የሸክላ ቅንጣት እንደ መጽሐፍ የተደራረበ ገጽ አለው፤ ሴሲየሙ በገጾቹ መካከል ገብቶ ይቆለፋል። አብዛኛው ከላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ የቀረውም፣ ወደ ጉድጓድ ውሃ ያልወረደውም ሸክላው አጥብቆ ስለያዘው ነው። አፈሩ ሰውን አዳነ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያ 5 ሳንቲ ሜትር ለገበሬ ምን እንደሆነ ያረሰ ያውቀዋል። አባትና አያት ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ሲያለብሱ የኖሩት እርሱን ነው። ይህ ተገፎ በትልልቅ ጥቁር ከረጢት ታጨቀ፤ በምትኩ ከኮረብታ የተቆረጠ አሸዋማ አፈር ተደፋ። ኢታቴ የምትባለው የደጋ መንደር አብዛኛው ክፍሏ ከማመንጫው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ነገር ግን ነፋሱና በረዶው ወደ እርሷ ስለመጣ ነዋሪዋ ሁሉ ማለት ይቻላል ለቅቆ ወጣ። አብዛኛው ሰው እንዲመለስ የተፈቀደለት በ2017 ነው። ጫካው ደግሞ ከመኖሪያ አካባቢ ጠርዝ በስተቀር አልተነካም፤ ተራራ ማን ይገፋል?

አፈር የያዘውን አይለቅም፤ ውሃ ግን መንገደኛ ነው። ማመንጫው በ1960ዎቹ ሲሠራ፣ ከባሕሩ በላይ 35 ሜትር ያህል ከፍ ያለው ገደል ወደ 10 ሜትር ተቆርጦ ዝቅ ተደረገ። ሕንፃዎቹ ጠንካራ አለት ላይ እንዲያርፉ፣ የማቀዝቀዣ ውሃውም ከባሕር በቀላሉ እንዲሳብ ነበር። ነገር ግን ከምዕራብ ኮረብቶች ወደ ባሕሩ የሚወርደው የከርሰ ምድር ውሃ መንገድ ላይ አስቀመጣቸው። በኑክሌር ማብላያዎቹ ውስጥ ነዳጅ ከቀለጠ በኋላ ያ ውሃ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ከተበከለው ጋር ይቀላቀል ጀመር። በ2014 ገደማ በቀን 400 ቶን ያህል ይገባ ነበር።

የተደረገውን ሥራ ከልቤ አደንቃለሁ። ውሃው ሕንፃዎቹ ጋ ሳይደርስ ከላይ የሚስቡት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከዚያም 30 ሜትር ወደ ታች የሚዘልቁ ቧንቧዎች አንድ ሜትር ያህል እየተራራቁ ተተከሉ፤ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የጨው ውሃ ዞረባቸውና አፈሩ ራሱ በረዶ ሆነ፤ አራቱን ማብላያዎች የሚከብ 1.5 ኪሎ ሜትር የበረዶ ግድግዳ ቆመ። የሚገባው ውሃ በ2023 ወደ 80 ቶን ገደማ ወርዷል። ዜሮ ግን አልሆነም፤ የችግሩ ሥር ደግሞ ያለው በማብላያዎቹ ውስጥና ከሥራቸው ነው። እዚያ 880 ቶን ያህል የቀለጠ ነዳጅና ፍርስራሽ አለ። በኅዳር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ የወጣው 0.7 ግራም ነበር።

ከሕንፃዎቹ ተስቦ በታንኮች ሲጠራቀም ከቆየ በኋላ የተለቀቀውን ውሃ በተመለከተ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። የማጣሪያው ሥርዓት ብዙዎቹን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳል፤ ትሪቲየምን ግን አይለይም፤ ምክንያቱም ትሪቲየም የውሃው የራሱ አካል ነው። በነሐሴ 2023 በባሕር ውሃ አቅጥነው ወደ ውቅያኖስ መልቀቅ ጀመሩ፤ መጠኑ በሊትር ከ1,500 ቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) በታች እንዲሆን ተወስኖ። በሙያዬ ሳየው የሚያስፈራ መጠን አይደለም። የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። በ2015 የማመንጫው ባለቤት ኩባንያ የሚመለከታቸው ሰዎች ሳይረዱትና ሳይቀበሉት ውሃው እንደማይለቀቅ ለዓሣ አጥማጆቹ በጽሑፍ ቃል ገብቶላቸው ነበር። ማኅበራቸው እየተቃወመ ተለቀቀ። ባሕሩ ላይ የደረሰው ጉዳት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረው ቃል ግን በባሕር ውሃ አይቀጥንም።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። እኔ አብዛኛውን ዘመኔን የሠራሁት በስምጥ ሸለቆ ነው። እዚያ ብዙ ጉድጓድ ፍሎራይድ አለው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟ ነው። የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎብጣል። አንዲት እናት «ምን በድለን ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። «ምንም አልበደላችሁም እናቴ፣ ድንጋዩ ነው» አልኳት፤ እውነትም ነው። እዚያ ከማጣሪያና ከሌላ የውሃ ምንጭ በላይ የሚጠየቅ የለም፤ የሚከሰስ ስለሌለ። ማጣሪያ ብቻውን በቂ የሚሆነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። በፉኩሺማ ግን ሰው አለ፤ የገፋው ሰው ይታወቃል።

የገፋው ኩባንያው ብቻ ነው ወይ? ከዳይቺ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ለቶኪዮና ለአካባቢው ነበር። የፉኩሺማ ቤቶች መብራታቸውን የሚያገኙት ከሌላ ኩባንያ ነው። አፈሩ ግን የተቀመጠው በማመንጫው ዙሪያ፣ በኦኩማና በፉታባ ከተሞች ሰዎች መሬት ላይ፣ 1,600 ሄክታር በሚያህል ቦታ ነው። ለሥልጠና ጃፓን በሄድኩ ጊዜ በዚያ በአውቶቡስ አልፌ ነበር። ባዶ ቤት አጠገብ የቆመ ዛፍ፣ ካኪ የሚሉት ብርቱካናማ ፍሬ ቅርንጫፉን እስኪያጎብጠው ሞልቶበት፣ የሚለቅመው የለም። የመሬቱ ባለቤቶች የአባቶቻቸውን እርሻ የሰጡት አፈሩ ለጊዜው ብቻ ይቀመጣል ተብሎ ነው። ሕጉ እስከ መጋቢት 2045 ከፉኩሺማ ውጭ ወጥቶ እንዲቀበር ያዛል።

«ጊዜ ያነጻዋል» የሚሉ አሉ። የሴሲየም 137 ግማሹ በ30 ዓመት ይጠፋል፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን የማን ጊዜ? በአደጋው ወቅት 60 ዓመት የሞላው ገበሬ የሚጠብቅበት 30 ዓመት የለውም። መጠበቅ በእኛ ሃይማኖት ትልቅ ምግባር ነው፤ ነገር ግን ሌላውን ሰው አስጠብቆ ራስን ታጋሽ ማለት ምግባር አይባልም።

ከአፈሩ ሦስት አራተኛው ያህል በኪሎ ከ8,000 ቤክሬል በታች ነው፤ መንግሥት በንጹሕ አፈር ተሸፍኖ ለመንገድ መደልደያና ለመሳሰለው ሊውል ይችላል ይላል። በ2022 ይህን በቶኪዮና በአጠገቧ ባሉ ቦታዎች ለመሞከር ሲታሰብ ነዋሪዎቹ አንፈልግም አሉ። ልጅ ያላት እናት ብትፈራ አልፈርድባትም። ግን መብራቱ ሲመጣ ማንም አንፈልግም አላለም፤ የኦኩማ እናትም ልጅ ነበራት።

በሐምሌ 2025 ከአፈሩ ጥቂት ወደ ቶኪዮ ተወስዶ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ተደለደለ፤ ላዩ በንጹሕ አፈር ተሸፈነ። ሁለት ሜትር ኩብ ነው። ለታይታ ነው ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ከ14 ዓመት በኋላ አፈሩ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሲሄድ አየሁ። አሁን የምጠብቀው ከመንግሥት ግቢ ወጥቶ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ነው። የቶኪዮ የባቡር ጣቢያዎች፣ የገበያ አዳራሾችና ትልልቅ መኖሪያ ሕንፃዎችም ግቢና የአበባ መደብ አላቸው፤ ኤሌክትሪኩ ይገባ የነበረው ወደ እነርሱ ነው።