የይለፍ ቃል መጋራት ስርቆት ነውን?

የፊልም ማሰራጫ አገልግሎቶችን የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው መስጠት ሁለት የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ያስነሳል። አንደኛው ሳይከፍሉ ማየት ስርቆት ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፋዩ ለአገልግሎት ሰጪው የገባውን ቃል ይመለከታል።

ስርቆት ባለቤቱን ከንብረቱ ይለያል። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ የሚያርስበት ያጣል። ፊልም ግን አንዱ ስላየው ለሌላው አይጎድልም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1813 ለአይዛክ ማክፈርሰን በጻፈው ደብዳቤ ሐሳብ ሲካፈል ከሰጪው እንደማይቀነስ ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህ ሲባል ግን የሚጎዳ የለም ማለት አይደለም። ፊልም የደራሲ፣ የተዋናይና የካሜራ ባለሙያ ድካም ውጤት ነው። ፈላስፋው ጆን ሎክ የንብረት መብትን የመሠረተው በሰው ድካም ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ1988 ኩዌት ላይ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውን ወስኗል። ሁሉም በሌላው ክፍያ ልይ ቢል ለፊልሙ የሚከፍል ይጠፋል። ስለዚህ ድርጊቱ ከስርቆት ይልቅ የጋራ ሸክምን ለሌላው ጥሎ ከመሄድ ጋር ይቀራረባል።

የቃል ጉዳይ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ፈላስፋው አማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር ሥራው፣ ላይጠብቁት ቃል መግባትን ሁሉም ቢያደርገው ቃል የሚባል ነገር ራሱ ትርጉም እንደሚያጣ ተከራክሯል። የፊልም ማሰራጫው የኔትፍሊክስ ውል አካውንቱ ከአንድ ቤት ውጭ እንዳይጋራ ይከለክላል። ይሁንና ኩባንያው ራሱ በ2017 ፍቅር ማለት የይለፍ ቃል መጋራት ነው የሚል መልእክት በትዊተር አስተላልፎ ነበር። በ2022 መጀመሪያ 200,000 ያህል ደንበኞች ካጣ በኋላ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ቤቶች በሰው አካውንት እንደሚጠቀሙ አስታወቀ፤ ከፋዮቹ በወቅቱ 222 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በግንቦት 2023 የአንድ ቤት ደንቡን በአሜሪካ ተግባራዊ ሲያደርግ፣ ከቤት ውጭ ለሚጨመር ሰው በወር 7.99 ዶላር ጠየቀ።

ቃል የተገባለት ወገን እያወቀ ዝም ካለ፣ ይባስ ብሎም ካበረታታ፣ ቃሉን የገባው ሰው አፍራሽ ሊባል አይገባም። የትናንት ዝምታ ግን የነገ መብት አይሆንም። ኩባንያው በግልጽ አስታውቆ ፈቃዱን ካነሳ በኋላ ያለበትን ቦታ ደብቆ መጠቀም ማታለል ነው። በአንጻሩ ዝምታው ያስለመደውን ልማድ ኩባንያው ራሱ ኋላ ስርቆት ብሎ መክሰሱ ፍትሐዊ አይሆንም።

የሚቀረው ቤተሰብ ማን ነው የሚለው ነው። ኔትፍሊክስ አንድን ቤት የሚለየው በአይፒ አድራሻ፣ በመሣሪያዎች መለያና በአካውንቱ አጠቃቀም ነው። ይህ መለኪያ አብሮ መኖርን እንጂ ዝምድናን አያውቅም። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የምትኖር ልጅ፣ ተለያይተው በሚኖሩ ወላጆች መካከል የሚመላለስ ሕፃን፣ ዋሺንግተን ሆኖ አዲስ አበባ ያሉ እናቱን የሚጦር ልጅ ከመለኪያው ውጭ ሊወድቁ ይችላሉ። ሻጭ የዋጋውን ወሰን የማስመር መብት አለው፤ ያ መስመር ግን የሂሳብ መስመር ነው። እናቱን ከአካውንቱ ውጭ ያደረገበት ደንብ ልጁን ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከፍለው ይችላል፤ ከመጦር ግዴታው ግን አያወጣውም።