ጠብን መመልከት ስለ ምን ያስደስታል?

ሰው በገዛ ደጁ ጠብ ሲነሣ ይደነግጣል፤ ልጆቹን ይሰበስባል፤ በሩን ይዘጋል። ይኸው ሰው ግን የጠብ ትርኢት የሚታይበት ስፍራ ሲያገኝ ገንዘቡን ከፍሎ፥ ከሌላው ጋራ ተጋፍቶ፥ ከፊት ለፊት ይቀመጣል። በእውነት የሚሸሸውን ነገር በሥዕል የሚፈልገው ስለ ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ጠልቆ ለመረመረው የምግባር ጥያቄ ነው፤ የሰው ጠባይ የሚታወቀው በሥራው ብቻ ሳይሆን ደስ በሚያሰኘውም ነገር ነውና።

ጥያቄውን ለማንሣት ያሳሰበን በምንኖርበት በምዕራብ አርማጭሆ፥ በአብርሃ ጅራ ከተማ፥ የምናየው ነገር ነው። አገራችን ቆላ ነው፤ ሰሊጥና ጥጥ ማሽላም ያበቅላል። ሰሊጥ ጊዜውን ጠብቆ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና፥ በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደዚህ ይወርዳል። የሚበዙት ከአባትና ከእናት፥ ከዘመድና ከጎረቤት የተለዩ ወጣቶች ናቸው። ማታ ማጭዳቸውን ካስቀመጡ በኋላ፥ ቀድሞ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረው፥ ዛሬም በአንዲት የእጅ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለው፥ በተለምዶ «የካራቴ ፊልም» የሚባለውን ይመለከታሉ። ይልቁንም የቻይና ተፋላሚና የአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ዘፋኝ ጐን ለጐን ቆመው የሚጋደሉበትን ፊልም ይወዳሉ። ሽማግሎች ይህን አይተው «ትውልዱ ጠፋ» ይላሉ። ወጣቶቹም «ጨዋታ ነው እንጂ ምን አለበት?» ብለው ይስቃሉ። ለእኛ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ሳይመረምሩ የፈረዱ ይመስለናል።

አስቀድመን የነገሩን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት፤ የውጭውን አገር ዘመን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የእጅ ፍልሚያው ፊልምና ሂፕ ሆፕ እንደ መንታ ወንድማማቾች በአንድ በጋ የተገናኙ ናቸው። በሐምሌ ወር 1973 ብሩስ ሊ በ32 ዓመቱ በሆንግ ኮንግ ሞተ፤ ስሙን በዓለም ያስጠራው «ኢንተር ዘ ድራገን» የተባለው ፊልሙም በሚቀጥለው ወር በአሜሪካ ታየ። በዚያው በነሐሴ ወር 11 ቀን፥ በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው የድኾች ሰፈር፥ ኩል ኸርክ የተባለ ከጃማይካ የመጣ ጐልማሳ በእኅቱ ግብዣ ላይ ሸክላ አጫወተ፤ ይህም ቀን የሂፕ ሆፕ ልደት ሆኖ ይቈጠራል። ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ 42ኛ መንገድ በነበሩት ርካሽ ሲኒማ ቤቶች የሆንግ ኮንግ ፊልም ሲታይ፥ ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ የጥቍሮች ልጆች ነበሩ። ከነዚሁ አንዱ ሪዛ የተባለው ሙዚቀኛ ከጓደኞቹ ጋራ ዉ ታንግ ክላን የሚባለውን ማኅበር አቆመ፤ በ1993 ያወጡትንም የመጀመሪያ አልበም በ1978 ከወጣው «የሻኦሊን 36ኛው ክፍል» ከተባለው ፊልም ስም ወስደው ሰየሙት። በ2000 «ሮሜዮ መስት ዳይ» በተባለው ፊልም ጄት ሊ ከአሊያና ከዲ ኤም ኤክስ ጋራ ታየ፤ በ2003ም ጄት ሊና ዲ ኤም ኤክስ «ክሬድል ቱ ዘ ግሬቭ» በተባለው እንደ ገና ተገናኙ።

እንግዲህ ከሆንግ ኮንግና ከኒው ዮርክ የመጣ ነገር የአርማጭሆን አጫጅ ደስ የሚያሰኘው በምን ምክንያት ነው? እኛ ሦስት ምክንያቶች እናያለን።

የመጀመሪያው የተበደለ ሰው ሲካስ ማየት ነው። ብሩስ ሊ በ1971 በሠራው «ዘ ቢግ ቦስ» በተባለው ፊልም፥ እንጀራ ፍለጋ ከአገሩ ወጥቶ በታይላንድ በበረዶ ፋብሪካ የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይታያል። ላይጣላ ለእናቱ ቃል ገብቷል፤ በአንገቱም የቃሉን መታሰቢያ አሥሯል። ነገር ግን የሥራ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ጌታውም ይሸነግለዋል። ሪዛም በ2012 ራሱ ባዘጋጀው ፊልም የሚታየው ከባርነት የወጣ አንጥረኛ ሆኖ ነው፤ እኛ «ባለእጅ» እያልን ስንንቀው የኖርነው ማለት ነው። ከሰውነቱ ጕልበት በቀር ሀብት የሌለው ሰው፥ ያ ጕልበት ብቻውን ፍርድን ሲያቀና ቢያይ፥ ልቡ ደስ መሰኘቱ ምን ያስደንቃል? በሥዕሉ ውስጥ የሚያየው ራሱን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብልሃትንና ትጋትን ማየት ነው። «የሻኦሊን 36ኛው ክፍል» በተባለው ፊልም ወጣቱ መነኵሴ የሚመታው ጠላት ከማግኘቱ በፊት 35 የልምምድ ክፍሎችን ማለፍ አለበት። እጁን ዘርግቶ ውኃ ይሸከማል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል። ከፊልሙ ትልቁ እጅ ጠብ አይደለም፤ ትምህርት ነው። ይህም በእኛ ቆላ ልዩ ትርጕም አለው። ጠመንጃ ለፈሪውም ለደፋሩም እኩል ይተኵሳል፤ ትናንት የገዛው ሰው ዛሬ ሊያስፈራበት ይችላል። ባዶ እጅ ግን በገንዘብ አይገዛም፤ ዋጋው ዓመታትና ላብ ነው። ወጣቱ በዚህ ቢደነቅ የተደነቀው በጨካኝነት ሳይሆን በትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቃልና ሥራ ተጋብተው ማየት ነው። የሂፕ ሆፕ ዘፋኝ በምት እየታጀበ ራሱን ያወድሳል፤ ከየት እንደ ተነሣ፥ ምን እንደ ተሻገረ፥ ማን እንደማይችለው ይናገራል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነውን? አይደለም። ፉከራና ሽለላ፥ ቀረርቶም ያሳደጉት ጆሮ ይህን ሲሰማ የቤቱን ቋንቋ የሰማ ያህል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላትን በዱር የተዋጉት የአርማጭሆ አርበኞችም ፎክረዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የጥንቱ ፎካሪ ጋሻውን ይዞ በአደባባይ ሲቆም፥ አብሮት የዘመተው ሰው በዚያው አደባባይ ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል የሚያሳፍረው ምስክር አለ። የፊልሙ ፎካሪ ግን ምስክር የለውም። አንዳንድ ጊዜ በስፍራው ሌላ ሰው ተተክቶ ይዘልለታል፤ አንዳንድ ጊዜም በማይታይ ሽቦ ተስቦ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ቃልና ሥራ የተጋቡ መስለው ይታያሉ እንጂ ጋብቻው በውል የጸና አይደለም።

ይህን ያህል ካመሰገንን በኋላ የተቃዋሚውን ነገር አለመስማት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን፥ ቅኔና ትርኢት የነፍስን ስሜት እያጠጡ ያሳድጋሉ ብሎ ባለቅኔዎችን ካሰበው ከተማ አስወጣ። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን፥ አሳዛኝ ትርኢት በርኅራኄና በፍርሀት አማካይነት ስሜትን ያጠራል ሲል መለሰ። ቅዱስ አውግስጢኖስም ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈው ታሪክ አለ። ጓደኞቹ በሮም ሰዎች ወደሚጋደሉበት ስፍራ በግድ ወሰዱት፤ እርሱም ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ። ነገር ግን ጆሮውን አልደፈነምና ሕዝቡ በጮኸ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ፤ ደሙንም አይቶ እንደ ሰካራም ሆነ። በቅርቡም ዘመን፥ በ1961፥ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ካላዩት ይልቅ እንደዚያው ለመምታት የሚፈጥኑ መሆናቸውን አሳይቷል።

እነዚህ ምስክሮች የሚናቁ አይደሉም። ሆኖም የሮማው ደም እውነተኛ ደም ነበር፤ የሕፃናቱም አሻንጉሊት ለመመታት የተሠራ ነገር ነበረ። የእኛ ወጣት የሚያየው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው የማይቈስልበት የሰው ጠብ ነው። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ጕዳት ከሚያሳየው ነገር ይልቅ በሚሸሽገው ነገር ይበዛል።

ምንድር ነው የሚሸሽገው? በፊልሙ ውስጥ የወደቀው ሰው እናት የለችውም። የሚቀብረው፥ የሚያለቅስለት፥ ልጁን የሚያሳድግለት አይታይም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። እኛ ባለንበት አገር ግን የወደቀ ሰው ሁሉ ዘመድ አለው፤ ዘመዱም ደመኛ ይሆናል። አንድ ቀን በተነሣ ጠብ ሁለት ቤት ይዘጋል፤ ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ሽማግሎች ደሙን ለማድረቅ ስንት ጊዜ ይመላለሳሉ። ፊልሙ የሚያልቅበት ስፍራ የእኛ ነገር የሚጀመርበት ስፍራ ነው። ይህ ምድር የጦርን ዋጋ በታሪክም ያውቀዋል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ቈስለው ያረፉት በዚሁ በመተማ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም፥ ቤት ንብረታቸውን ጥለው በመተማ በኩል ድንበሩን የተሻገሩትን አይተናል። ከነሱ ፊት ጠብ ያምራል ብሎ የሚናገር ሰው ሊኖር አይችልም።

ፊልሙ የሚሸሽገው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም የጀግናው ፍጻሜ ነው። በሥዕሉ ማንም የማይረታው ብሩስ ሊ 33ኛ ዓመቱን ሳያይ ሞተ። ዲ ኤም ኤክስም ከልጅነቱ ጀምሮ ድኽነትንና ሱስን ሲታገል ኖሮ በ2021 በ50 ዓመቱ ዐረፈ። በፊልም ሃያ ሰው የሚጥል ሰው በቤቱ አንድ ሱስ ይጥለዋል። ይህን የምንለው ሙታኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ እውነተኛው ፍልሚያ ሰው ከራሱ ጋራ የሚያደርገው መሆኑን ለማስታወስ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ምን ይሁን? መከልከል መፍትሔ አይመስለንም፤ ስልክ በያንዳንዱ ኪስ ባለበት ዘመን የከለከሉት ነገር ተሸሽጎ ይታያል እንጂ አይቀርም። መለየት ግን ይቻላል። የጠብን ትርኢት የሚያይ ሰው ደስታው ሦስት ዐይነት ነው፤ አንደኛው ግፍ ሲቀና በማየት፥ ሁለተኛው ብልሃትን በማድነቅ፥ ሦስተኛው ደምን በማየት የሚገኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመልካም ልብ ምልክቶች ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ካልተጠበቀ ሁለቱን ይውጣቸዋል። መለያውም ቀላል ነው፤ ወጣቱ ፊልሙን አይቶ ሲወጣ አስቀድሞ የሚኰርጀው ምኑን ነው? ስድቡንና ንቀቱን ነው ወይስ ማለዳ ተነሥቶ መልመዱን?

እዚህ ላይ መምህራን ትልቅ ሥራ አላቸው። ተማሪውን «ለምን አየህ?» ብሎ ከመቈጣት ይልቅ «ለወደቀው ሰው ማን አለቀሰ?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል። ፍልሚያን በሥርዐት የሚያስተምሩ ማኅበራትም ሊረዱ ይገባል። በቴኳንዶ ሁለት ተጋጣሚዎች ከመጋጠማቸው በፊት እጅ ይነሣሣሉ፤ ከተጋጠሙም በኋላ እንደዚያው ያደርጋሉ። ዳኛው «ቁም» ሲል የተነሣው እግር ይመለሳል። ይህ ከፊልሙ የጐደለው ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከተናል። ቀድሞ በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ቢል፥ የተነሣው ዱላ ይወርድ ነበር። ዱላውን ያወረደው የመንገደኛው ጕልበት አይደለም፤ ነገሩን የሚሰማ ዳኛ አለ የሚል እምነት ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም ተረት የተወለደው ከዚሁ እምነት ነው። በካራቴ ፊልም ውስጥ «በሕግ አምላክ» የሚል ሰው የለም፤ ዳኛውም ተገዝቷል፥ ወይም ከነጭራሹ አይታይም። የሠራበትን ደመወዝ የተከለከለ የቀን ሠራተኛ አቤቱታውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከርሞ፥ በሥዕሉ ላይ ፍርድ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ በቡጢ ሲፈጸም ቢያይና ቢያጨበጭብ፥ ያጨበጨበው ለቡጢው ብቻ ነው ብለን አንታለል። ጭብጨባው ለኛ የቀረበ ክስ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ጠብን መውደዱን የምንቈጣ ሰዎች በጠረጴዛችን ላይ የተኛውን መዝገብ አስቀድመን እናንሣ። ሰው ፍርድን በሸንጎ ባገኘ ቍጥር ቡጢውን በሥዕል ብቻ ያየዋል፤ የሚያደንቀውም ብልሃቱን ይሆናል። ፍርድን በሸንጎ ባጣ ጊዜ ግን ያየውን ሥዕል በእጁ ሊሞክረው ይነሣል፤ በእኛም አገር እጅ የሚባለው ባዶ እጅ ብቻ አይደለም።